ኮፈን ከፍቶ ወደ ሞጣ

እኔን ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ በርበሬ አደራረቅና አልጠባ ስላለ ጥጃ ነው። ስለ መኪና የጠየቀኝ እስከ ዛሬ የለም፤ ደግ አድርጓል። ነገር ግን ያልተጠየቀ አይናገር የሚል ሕግ ብቸና ድረስ ስላልመጣ፣ ዛሬ ስለ መኪና እናገራለሁ። ስለ ሁሉ ነገሯ አይደለም፤ ስለ ክዳኗ ብቻ። ሹፌሮች ኮፈን የሚሉት፣ ከመስተዋቱ ፊት ሞተሩን ሸፍኖ የሚተኛው ያ ሰፊ ቆርቆሮ። ሞተር ሲግል እሱን ማንሣት ያበርዳል ወይስ አያበርድም? ነፋስ ያስገባል ወይስ የገባውን ያስወጣል?

መልሱን አሁን ብነግራችሁ ትታችሁኝ ትሄዳላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ስለ እኅቴ ላውጋችሁ።

እኅቴ እታለም የእኔ ታላቅ ናት። እናታችን ሕመምተኛ ስለነበረች አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሰው መጀመሪያ የሚያውቀው የእናቱን ፊት ነው ይላሉ፤ እኔ መጀመሪያ ያወቅሁት የእታለምን ማጅራት ነው። ለሞጣ ሰው ስትዳር የፊት ጥርሴ ወልቆ ነበር። በሠርጓ ቀን አገሩ ሁሉ ሲዘፍን እኔ በድዴ ሚዜ ስነክስ ዋልሁ አሉ። አንደኛው ሚዜ እስኪሞት ድረስ ባገኘኝ ቁጥር እጁን ወደ ኋላው ይደብቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዕድሜያችን ያለቀው በብቸናና በሞጣ መካከል ባለው መንገድ ላይ ነው። እሷ ለክርስትና ትመጣለች፤ እኔ ለልቅሶ እሄዳለሁ። መጀመሪያ በበቅሎ፣ ቀጥሎ በጭነት መኪና እህል ላይ ተቀምጠን፣ ቀጥሎ በአውቶቡስ። መንገዱ እየተሻለው ሲመጣ ጉልበታችን እየባሰበት መጣ። በኋላ ደግሞ መንገዱም የጉልበታችንን አመል ተማረና አንድ ሰሞን እሺ፣ አንድ ሰሞን እምቢ ማለት ጀመረ። በስልክ ብቻ ከረምን።

ስልክ ጥሩ ነገር ነው፤ ድምፅ ያመጣል። እጅ ግን አያመጣም። «ደኅና ነሽ?» «ደኅና ነኝ። ጉልበትሽ?» «እንዳለ ነው። ዓይንሽ?» «እንዳለ ነው።» ከዚያ ዝም እንላለን። ልጆቼ ዝም ለማለት ምን ስልክ ያስፈልጋል ይሉኛል። እኔ የምደውለው ለዚያ ዝምታ መሆኑን አያውቁም። ስትተነፍስ ይሰማኛል። በስተጀርባዋ በሩ ሲንቋረር ይሰማኛል። ዶሮዋ እንቁላል ጥላ ስታወራ ሳይቀር ይሰማኛል። ስልኩ ሲዘጋ ቤቴ ከበፊቱ ይልቅ ይሰፋብኛል።

ታዲያ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ልጇ አንዱዓለም ደወለ። የሚኖረው አዳማ ነው።

«አክስቴ፣ እማዬን ይዣት ልሄድ ነው» አለኝ። «ዓይኗ በጣም ደክሟል፤ ብቻዋን መኖሩ አልሆነም። ነገ ከቀትር በኋላ ከሞጣ ተነሥተን ባሕር ዳር እንገባለን፤ ከዚያ በማታው አውሮፕላን ነው።»

«በእኛ በኩል በመኪና አትወስዳትም?»

«ወገቧ አይችልም አክስቴ።»

ባሕር ዳር ከሞጣ ወዲያ ነው፤ ብቸና ከሞጣ ወዲህ። በደጄ አታልፍም ማለት ነው። እታለም ስልኩን ከልጇ ተቀበለችው። «አንቺ» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። በእኛ ዕድሜ ከሞጣ ተነሥቶ አዳማ የሄደ ሰው እመለሳለሁ ብሎ አይሄድም። ሁለታችንም አወቅነው፤ ሁለታችንም አልተናገርነውም።

«እመጣለሁ። ሳላይሽ እንዳትሄጂ» አልኋት።

«እኔ ምን በእጄ ነው? ያስቀመጡኝ ቦታ እቀመጣለሁ እንጂ» አለች።

በማግሥቱ ጧት መናኸሪያ ስደርስ የሞጣው አውቶቡስ ሞልቶ ጭራውን ብቻ አሳየኝ። ምርኩዜን ተደግፌ አቧራውን ስመለከት፣ አማቼ ይበልጣል በፒካፑ ደረሰልኝ። ሽንኩርት የሚያመላልስባት አሮጌ ፒካፕ ናት፤ ከፊትም ከኋላም ወንበር አላት። ጧት ስትነሣ እንደ ጡረተኛ ታስላለች፤ ሳሏ ካለቀ በኋላ ግን ትሄዳለች።

ስለ ይበልጣል አንድ ነገር ካልነገርኋችሁ የቀረው አይገባችሁም። ልጄን ካገባ ጀምሮ እፊቴ እግሩን ዘርግቶ አልተቀመጠም፤ ጮክ ብሎ አልሳቀም፤ እኔ ተናግሬ እሱ እምቢ ያለበት ቀን የለም። እኔም በእናቴ ወግ አማቼን አንቱ ነው የምለው። የዛሬ ልጆች ይስቁብናል። ሁለት የሚከባበሩ ሰዎች በር ላይ ተገናኝተው «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ ዝናብ የሚመታቸው አሉ አይደል? እኛ ነን። መከባበር ጥሩ ነው፤ ከዝናብ ግን አያስጠልልም።

«እማማ፣ ይግቡ፤ እኔ አደርስዎታለሁ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ሥራዎን ትተው?»

«ሥራ የት ይሄዳል እማማ።»

ከፊት ተቀመጥሁ። ደብረ ወርቅ ስንደርስ አንድ መሪጌታ ዣንጥላቸውን ዘርግተው መንገድ ዳር ቆመው አገኘናቸው። ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ፂማቸው እንደ ተፈተለ ጥጥ የነጣ ሽማግሌ ናቸው። ግንደወይን ለዝክር ይሄዳሉ። ከኋላ ገቡና ወንበሩን ባረኩት፤ ፒካፗንም ባረኳት። ቀጥሎ የሆነውን ሳስብ ምርቃቱ ወንበሩ ጋ የቀረ ይመስለኛል።

ከደብረ ወርቅ አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው፣ ይበልጣል ከመሪው ሥር ያለችውን ትንሽ መርፌ ሰረቅ አድርጎ ያይና ዓይኑን ይመልሳል። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ያያል። አልጠየቅሁትም። ሰው የሚያፍርበትን ነገር አይጠየቅም። ኋላ ግን ከፊታችን ነጭ ነገር ቡልቅ አለ።

«ጭስ ነው?» አሉ መሪጌታ።

«እንፋሎት ነው» አለ ይበልጣል። «ትንሽ ሞቃ ነው።»

ትንሽ የሞቀችው ፒካፕ እንደ ሽሮ ድስት እየተንተከተከች ቆመች። ይበልጣል ወርዶ ክዳኑን አነሣና በብረቷ ደገፈው። እኔም ወርጄ ሆድ ዕቃዋን አየሁ። ሰው ዘመዱን ሐኪም ቤት ሲጠይቅ ተጋልጦ እንዳገኘው ዓይነት አፈርሁላት። ሞተሩ እስኪበርድ ቆየን። ሲበርድ በጀሪካን የያዘውን ውሃ ሁሉ አጠጣት፤ ራዲያተሩ አንድ ቦታ ያነባል፤ የሚጠጣው ከልቅሶው አይበልጥም። ክዳኑን ዘግቶ ነዳ። ከአንዱ መታጠፊያ እስከሚቀጥለው ሳንደርስ የሙቀቱ መርፌ ተመልሳ ላይ ወጣች።

እዚህ ላይ ነው አፌን የከፈትሁት።

«አማቼ፣ ክዳኑን ትንሽ ከፈት አድርገን ብንሄድስ? ነፋስ ቢገባው አይበርድም ወይ?»

ጥያቄ ነው። ድስት ሲገነፍል ክዳን ማንሣት የለመደ ሰው የሚጠይቀው ተራ ጥያቄ። ይበልጣል መርፌዋን አየ፤ መንገዱን አየ።

«እሺ እማማ» አለ።

እኔ «እሺ» ያለውን «ልክ ነው» ያለ መሰለኝ። እሱ ያውቃል፣ መኪና ያሳደገው ሰው ነው ብዬ ልቤን ጣልሁበት።

ቆምን። ክዳኑን በስንዝር ከፍ አድርጎ ምርኩዜን ከሥሩ አስገባበት። ነፋስ ገልብጦ መስተዋቱ ላይ እንዳይጥለው ደግሞ የሚታሰርበት አስፈለገ። ገመዱ ከሽንኩርቱ ጋር ብቸና ቀርቷል። መቀነቴን ፈታሁ። አሁን አማች የአማቱን መቀነት ከእጇ እንዴት ይቀበላል? ይበልጣል ፊቱን ወደ ባሕር ዛፉ አዞረ። እኔ መቀነቴን ይዤ ቆምሁ። መሪጌታ ሁኔታውን አይተው ወረዱና እንደ ሠርግ ሽማግሌ መካከላችን ገቡ፤ ከእኔ ተቀብለው ለእሱ ሰጡት። ክዳኑ በመቀነቴ ታሰረ። እኔ ቀሚሴን በእጄ ሰብስቤ ገባሁ።

መንገዱን የጀመርነው እንዲህ ነው፤ ፒካፗ አፏን ከፍታ፣ እኔ ልብሴን ይዤ። ችግሩ ክዳኑ ሲነሣ መንገዱ መጥፋቱ ነው። ከመስተዋቱ የሚታየው ቆርቆሮ ብቻ ሆነ። ይበልጣል ራሱን በመስኮት አውጥቶ ይነዳል። መሪጌታ በወዲያኛው መስኮት ራሳቸውን አውጥተው ይመሩታል።

«ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፤ አህያ አለች።»

«አልፋለች መሪጌታ።»

«ያለፈችው ሌላ ናት። ይችኛይቱ ቆማ ታይሃለች።»

እኔ ከፊት ተቀምጬ የማየው የለኝም። መሪጌታ ፂማቸውን በነፋስ ሲያበጥሩ ዘወር ብዬ አየሁና፣ «እርስዎ ምን ይላሉ? እንዲህ ሲሄድ ይበርዳል?» አልኋቸው።

ራሳቸውን ወደ ውስጥ መለሱ። የጠየቅኋቸው እንደ መጽሐፍ ቃል ሆኖ ታያቸው። «ይህ አንድም የሚባልበት ነው» አሉ። «ነፋስ በተከፈተ በር ይገባል፤ ስለዚህ ይበርዳል። አንድም፣ ነፋሱ በፊት በኩል በወንፊቱ ሊገባ የመጣው፣ በላይ ሰፊ በር ሲያገኝ በዚያው ያልፋል፤ ሞተሩን ሳይዳስሰው ይቀራል፤ ስለዚህ ይግላል። አንድም...»

«ሦስተኛም አለው?»

«አንድም፣ ውሃ የለውም።»

ይበልጣል በመስኮቱ እንደ ወጣ ሳል ሳል አደረገው። ሳቅ ይሁን አቧራ አላወቅሁም።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። በእኛ አገር ክዳኗ የተነሣ መኪና ማለት ራሷን ይዛ የምትጮህ ሴት ማለት ነው፤ አይቶ የሚያልፍ የለም። መጀመሪያ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች መንገዱን ዘግተው እጃቸውን አነሡ።

«ቁሙ፣ ቁሙ። ክዳኑ ተከፍቶባችኋል።»

«አውቀን ነው» አለ ይበልጣል።

«አውቃችሁ ነው?» አሉ አንድ አዛውንት፤ ወደ ውስጥ አጎንብሰው እኔን አዩኝ፣ መሪጌታን አዩ፣ የያዝሁትን ቀሚስ አዩ። «የታመመው መኪናው ነው ወይስ ሰው?»

እየሄድን ነው ብንል ማን ይሰማናል። አንዲት ሴት ሮጣ ውሃ አመጣች። ለመንገደኛ ውሃ መንፈግ ነውር ነው፤ የመጣን ውሃ አልፈልግም ማለትም ነውር ነው። ውሃው ደግሞ እንዲሁ አይፈስም፤ ሞተሩ ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ቢያፈሱበት ይሰነጠቃል፤ እስኪበርድ መቆም አለ። እስኪበርድ አዛውንቱ ከየት እንደመጣን ይጠይቃሉ። ሲበርድ ውሃው ይገባል፤ ተመራርቀን እንነሣለን። ክዳናችን እንደ ተከፈተ ነው። ወዲያው የሚቀጥለው መንደር ሰው ያየናል።

ቀጥለው ያስቆሙን ከማኅበር የሚመለሱ ሰዎች ናቸው። እነሱ ውሃም ዳቦም ይዘው መጡ። መሪጌታ ዳቦውን ባረኩት፤ የተባረከ ዳቦ ሳይቀመስ አይኬድም። በሆዴ እታለም ልትሄድብኝ ነው እያልሁ፣ በአፌ «እግዜር ይስጥልን» እላለሁ። ቸኩያለሁ እንዳልል የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። ብናገር ደግሞ ለምን ብለው ይጠይቁኛል፤ ከጠየቁኝ እመልሳለሁ። ጠየቁኝ። መለስሁ። ከሚዜው ጀምሬ መለስሁ። ሴቶቹ እንባቸውን ጠረጉ፤ አንዷ የእሷም እኅት ሩቅ እንደ ተዳረች ነገረችኝ፤ እሱንም አዳመጥሁ። ፀሐይ ከአናታችን ላይ ደረሰች።

እዚያው ቆመን ሳለ ስልኬ ጮኸ።

«አክስቴ፣ የት ደረሳችሁ?»

«ግንደወይን ልንደርስ ነው ልጄ።»

«እኛ ምሳ እንደ በላን እንነሣለን። አውሮፕላኑ ሰው አይጠብቅም።»

«እታለምን አቅርብልኝ።»

አቀረበልኝ። «ለምን ቆማችሁ?» አለች።

«ሞተሩ ጋለ። ክዳኑን ከፍተን እስኪበርድ ነው።»

«ካልበረደ አይሄድም?»

«አይሄድም አሉ።»

«እህ» አለች። ከዚያ ዝም አልን። እኔ በዳገቱ ላይ፣ እሷ በቤቷ፣ ስልኩ ራሱ እስኪቋረጥ ድረስ ዝም አልን።

ከዚያ ወዲያ ልቤ ከሞተሩ ባሰ። ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና መጥቶ ጎናችን ሲቆም፣ ደግሞ ውሃ ሊሰጠን ነው ብዬ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልሁ። ሹፌሩ ከላይ ሆኖ አንገቱን አወጣ። ይበልጣልን ያውቀዋል።

«ይቤ፣ ምን ነካህ? አፏን ከፍተህ የት ነው የምትሄደው?»

«ትንሽ ሞቃ ነው።»

«ክዳን የሚከፈተው ስትቆም ነው እንጂ እየሄድህ? ነፋሱ በላይ በላይ እያለፈብህ። ዝጋውና ማሞቂያውን ክፈት፤ የሞተሩን ሙቀት ስቦ ወደ ውስጥ ያወጣልሃል። ይህን ለእኔ ያስተማርኸኝ አንተ አይደለህ እንዴ?»

ይበልጣል መሪውን በጥፍሩ መፋቅ ጀመረ። የጭነት መኪናው ሄደ። አቧራው ወደ ውስጥ ገባ።

«አማቼ» አልሁት። «ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር እማማ።»

«ታዲያ ለምን ከፈቱት?»

«እርስዎ ሲያዙኝ ጊዜ።»

«እኔ ጠየቅሁ እንጂ መቼ አዘዝሁ?»

«የእርስዎ ጥያቄ ለእኔ ትእዛዝ ነው እማማ።»

«እሺ ማሞቂያውስ? እሱን እኔ አልከለከልሁም።»

ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። «በአማቴ እግር ላይ ትኩስ ነፋስ ልልቀቅ?»

መሪጌታ ከኋላ ዣንጥላቸውን ታቅፈው ሳቁ፤ እንዲያ ያለ ሳቅ ከእንዲያ ካለ ፂም ይወጣል ብዬ አላሰብሁም። «ሁለተኛዋ አንድም ልክ ነበረች» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

እኔ አልሳቅሁም። ያን ሁሉ ሰዓት እሱ እኔን ሲያከብር፣ እኔ እሱን ሳምን፣ ቀኑ ከሁለታችን መሀል ሾልኮ ሄዷል።

ክዳኑ ተዘጋ። መሪጌታ መቀነቴን ፈትተው መለሱልኝ፤ በዘይትና በአቧራ ጠቁሯል። ግንደወይን ላይ ሲወርዱ ጣታቸውን አንሥተው፣ «እናንት ሰዎች፣ አንዳችሁ ለአንዳችሁ እምቢ ማለት ተማሩ» አሉን። ምርቃት ነበር የጠበቅሁት።

ማሞቂያው ተከፈተ። ከእግሬ ሥር የተነሣው ነፋስ ቀሚሴን እንደ ድንኳን ነፋው። ውጪው ደጋ ነው፤ ውስጡ ዓባይ በረሃ። ይበልጣል ላቡን እየጠረገ በየመታጠፊያው «ይቅርታ እማማ» ይላል። እኔ ግን ምን ልበላችሁ፣ ከስንት ዘመን በኋላ ጉልበቴ ደስ አለው። መርፌዋም ቀስ እያለች ወረደች፤ ከዚያ በኋላ ያስቆመን ሰው የለም። የተዘጋ ክዳን ሰው አይጠራም።

ሞጣ ስንገባ ፀሐይ ዘንበል ብላ ነበር። የእታለም በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

ጎረቤቷ ከአጥሯ ወጥታ አቀፈችኝ። «ከሄዱ ቆዩ እኮ» አለችኝ። «መሄዱን መቼ ወዳው። የተከራዩት አዲስ መኪና ውስጥ ትገባለች፣ ትወርዳለች። መነጽሬን ረሳሁ ትላለች፤ ዓይኗ ላይ ነው ያለው። ምርኩዜን ረሳሁ ትላለች፤ በእጇ ነው የያዘችው። ኋላ ልጇ አቅፎ አስገባት።»

ደፉ ላይ ተቀመጥሁ። ድንጋዩ ሙቀት ነበረው፤ የፀሐይ ይሁን የእሷ እንጃ። በስልክ የምሰማው ሁሉ እዚህ አለ፤ ያ የሚንቋረረው በር ጀርባዬን ደግፎኛል። ዶሮዋን ለጎረቤቷ ሰጥታታለች፤ ዶሮይቱ ግን አጥሩን ዘልላ መጥታ በሩ ሥር ትጭራለች። እኔና እሷ ተያየን። አላለቀስሁም። ሰው የሚያለቅሰው ነገሩ ሲገባው ነው፤ እኔ ገና አልገባኝም። በሩን አንኳኩቼ «አንቺ» ብል የምትከፍት መስሎኝ ቁጭ አልሁ።

«እማማ፣ ይነሡ» አለ ይበልጣል።

«ወዴት?»

«ይነሡ ነው የምልዎ። እንከተላቸዋለን።»

ልጄን ካገባ ጀምሮ አዝዞኝ አያውቅም። «እሺ» አልሁት። ተነሥቼ ገባሁ። ማሞቂያውን ሳያስፈቅደኝ እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ ይቅርታም አልጠየቀኝም። ከተማውን አልፈን ወጣን። መኪኖች ይመጣሉ፤ የእሷ አይደሉም። እነሱ አዲስ መኪና ተከራይተው፣ ያውም ከቆዩ፣ እኛ በሽንኩርት መኪና እንደርስባቸዋለን ማለት ዘበት ነው። ለይበልጣል አልነገርሁትም። እሱም እያወቀ ነው የሚነዳው።

ከአንድ ባሕር ዛፍ ጥግ አንዲት ነጭ መኪና ቆማ አየን፤ ክዳኗ ወደ ሰማይ ተነሥቷል። የሰው መኪና ተበላሸ ብሎ ደስ መሰኘት ኃጢአት ነው። ደስ አለኝ።

እታለም ከዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ አውርዳ። ማን እንደመጣ ዓይኗ አልነገራትም። አረማመዴን አዳመጠች።

«ግራው ነው የባሰብሽ» አለች።

ጎኗ ተቀመጥሁ። እጇን ስይዘው አነሰብኝ። እኔን ባንድ ክንድ አንሥቶ ጀርባ ላይ ይጥል የነበረው እጅ የጫጩት ያህል ሆኗል። ፊቴን ዳሰሰችው፤ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን።

«ከሳሽ» አለችኝ።

«አንቺስ።»

«እኔስ አይታየኝም እንጂ ወፍሬ ይሆናል።»

አንዱዓለም በመኪናው ዙሪያ ይመላለሳል። አጠገቤ መጥቶ አጎነበሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አክስቴ፣ መኪናው ምንም አልሆነ። ከተማውን እንደ ወጣን እማዬ ሸተተኝ፣ ሞተሩ ጋለ፣ ቁምና ክዳኑን ክፈት አለች። አልጋለም ብላት የደከመው ዓይኔ ነው እንጂ አፍንጫዬ አይደለም አለችኝ። ከፈትሁት። ይኸው እስካሁን አልበረደም ትላለች። እናቴ ናት፣ ምን ልበላት?»

እታለም አልሰማችም፤ ወይም ያልሰማች መሰለች። እጄን በሁለት እጇ መሀል አድርጋ ታሻሸዋለች። ስለ ዶሮዋ ጠየቀችኝ። በሩ ጋ ናት አልኋት። ስለ መንገዱ ጠየቀችኝ። ረጅም ነው አልኋት። አዳማ ይሞቃል አሉ አለችኝ። እንግዲያ ለጉልበት ጥሩ ነው አልኋት። «የእኔ ጉልበት ደኅና ነው፤ የአንቺ ነው የሚታመመው» አለችና ወዲያው ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች። ከዚያ ዝም አልን። ይህን ዝምታ ስልክ አያመጣውም፤ ትከሻ አለው።

አንዱዓለም ሰዓቱን አየ። «እማዬ፣ አሁንስ በርዷል። ከዚህ በላይ ከቆየን ያመልጠናል።»

«አልበረደም» አለች። «አንቺ፣ እኔ አይታየኝም፤ እስቲ ነክተሽ እዪልኝ።»

ተነሥቼ ሄድሁ። በተነሣው ክዳን ሥር አጎንብሼ መዳፌን ብረቱ ላይ አሳረፍሁ። ለብ እንኳ አይልም። ክዳን ማንሣት ሞተር እንደሚያበርድ ያን ጊዜ በእጄ አረጋገጥሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ባያበርድ ብዬ የተመኘሁት ነገር የለም። እጄን እንደ ተቃጠለ ሰው ነጠቅ አድርጌ ጣቶቼን እፍ አልኋቸው።

«ኧረ ይፋጃል» አልሁ።

አንዱዓለም እኔን አየኝ፤ ከዚያ ወደ ይበልጣል ዞረ። «አንተ ሹፌር ነህ፤ እስቲ እየው።»

ይበልጣል መጣ። እጁን እኔ ባሳረፍሁበት ቦታ አኖረና ቆየ። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም፤ እንደ ልማዱ መሬት መሬት ነው የሚያየው።

«እማማ ይፋጃል ካሉ ይፋጃል» አለ።

አንዱዓለም ሁለታችንን ተራ በተራ አየን። ሰዓቱን በእጅጌው ሸፈነና ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ።